በቀይ የተጻፈው «ዘይቱስ?»

ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነው። በሩ እንደተዘጋብኝ ለካሁት፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከራሴ በላይ አንዲት ጠባብ መስኮት። በመስኮቷ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይሸታል። የካ ነው ያደግኩት፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሳሸተው ግን የማላውቀው ሆነብኝ።

ፖሊሶቹ ያመጡኝ ጠዋት ነው፣ ከአጎቴ ቤት። ከተመረቅኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ፍራሼን ገለበጡ፣ መጻሕፍቴን አራገፉ፣ ከዚያ ሁሉ አንድ ሰማያዊ ደብተር ብቻ መርጠው ያዙ። የላቦራቶሪ ደብተሬ ነው። «ምን ያደርግላችኋል?» ስላቸው አንዱ «እኛም እንማርበት እንጂ» ብሎ ሳቀ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት እናት ቁጭ ብለው አገኘሁ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚሸጡ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ዛፍ ቆርጠዋል ተብለው ነው የገቡት። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺስ ምን ቆርጠሽ ነው?»

«ምንም አልቆረጥኩም።»

«እኔም እንደዛ ነው ያልኳቸው።»

ብዙም ሳይቆይ የጣቢያው የመቶ አለቃ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬና በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ስለ ጭሰኞች የሚናገር፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ በድብቅ የተበተነ ነው። የሚፈልገው የጻፈውን ሰው ነው። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ።

ደብተሩን ላስረዳ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። በመጨረሻው ዓመት ስለ ንዝረት የሠራነው ሙከራ ነው። ከሞላ፣ ማለት ከተጠቀለለ ሽቦ፣ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል፤ ከክብደቱ ሥር ያለች ዝርግ ብረት ዘይት ጣሳ ውስጥ ትገባለች። ስበው ሲለቁት ይወዛወዛል፤ ዘይቱ እየያዘው፣ እያነሰ እያነሰ ይቆማል። ቀጥሎ ከላይ በሞተር ይነቀነቃል። መጀመሪያ ይደናበራል፤ እሱም የራሱ ምት አለው፣ ሞተሩም የራሱ አለው፣ ይጣላሉ። ትንሽ ቆይቶ የራሱ ምት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ከዛ በኋላ ሞተሩ ያለው ብቻ ነው የሚሆነው።

ሙከራው የሚሠራው ለሁለት ነው፤ አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል። የኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ ትዕግሥትም የለኝ፣ ስለዚህ ሁሌም ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። የሚጽፈው አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ የታተመ ነው የሚመስለው። ደብተሩ ላይ ያለው ስም የኔ ነው፣ ጽሑፉ የሱ። በድብቅ የተበተነው ወረቀትም የሱ ነው።

የመቶ አለቃው አልቸኮለም። ደብተሩን ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። አስተማሪያችን በቀይ «ዘይቱስ?» ብሎ የጻፈበት ገጽ ነው። ልጁ ሒሳቡን ሲሠራ ዘይቱን ረስቶ፣ ክብደቱ ለዘላለም ሲወዛወዝ ይኖራል የሚል መልስ አውጥቶ ነበር።

«ይሄን የሚሳሳት ሰው ነው የተመረቀው?» አለኝ። «ወይስ ሴት ናት ብለው አዘኑልሽ?»

«እሱ ስህተት የኔ አይደለም» አልኩት። «እኔ ቆጣሪ ነኝ። የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። የመቶ አለቃው አልሳቀም፤ የብዕሩን ክዳን ብቻ ከፈተ።

«ሌላው ማነው?»

ስሙን አልነገርኩትም። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚያሳየው ዝርዝር የላቦራቶሪው በር ላይ ተለጥፎ ነው የከረመው።

ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ደብተሩን የጻፈው እሱ ነው» የሚል ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ፈርሚና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ አለኝ። አልፈርምም አልኩ። መለሱኝ። ከሰዓት በኋላ ጠርቶ ያንኑ ጠየቀኝ። በማግስቱ ሦስት ጊዜ። ያው ጥያቄ፣ ያው ድምፅ። ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም። ሰዓቱ ሲቃረብ፣ ገና ሳልጠራ፣ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሞተር ምን እንደሚያደርግ መቼም አውቃለሁ።

እማማ ጉልበቴን አዩት።

«ረጅም እንጨት ተሸክመሽ ቁልቁለት ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ጫፍና ጫፉ ይዘላል። እሱ ሲዘል እኩል ከረገጥሽለት እየባሰበት እየባሰበት ሄዶ ገደል ይከትሻል። እኔን አንዴ ጥሎኛል፤ ወገቤ እዛው ነው የቀረው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ምን ይደረጋል ትላለች እንዴ፣ የተማረች ልጅ። እርምጃ መቀየር ነዋ። አንዴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። እንጨቱ ይምታታበታል።»

ዓመቱን ሙሉ የተማርኩትን በሁለት ቃል ጨረሱት። ሌላ ቀን ቢሆን ልክ እንደ አስተማሪ ላርማቸው እቃጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስጠራ አልፈርምም አላልኩም። «ወረቀቱን ይስጡኝ» አልኩት። ፊቱ ፈታ አለ፤ ብዕሩንም ራሱ አቀበለኝ። የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና ከሥሩ «የደብተሩ ጽሑፍ የእኔ ነው። ዘይቱን የረሳሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። በዚያ ዶሮ በጫረው ጽሑፌ።

ወረቀቱንና ደብተሩን ብዙ አስተያየ።

«ይሄና ይሄ የአንድ እጅ ነው?»

«ስቸኩል እንደዚህ ነው የምጽፈው።»

«አሁን ምን አስቸኮለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ወረቀቱን ረጋ ብሎ አጠፈው።

«ልጁ ትናንት ጠዋት ተይዟል» አለኝ። «ያንቺ ፊርማ ለፋይሉ ነው የተፈለገው።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ እማማ «እንጨቱስ?» አሉኝ። «ተምታታበት» አልኳቸው። መዋሸቴን ያወቁ ይመስለኛል። የነጠላቸውን ግማሽ አለበሱኝ።

እኔን በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቁኝ። እሱን በሰባተኛው ወር። ያቺን ከአፌ ያመለጠችኝን ቃል ነግሬዋለሁ፤ «ዝርዝሩ በር ላይ ነበር እኮ» ብሎ አለፋት። እኔ አላለፍኳትም።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ቤት መጣ። የሥራ ማመልከቻ ሊጽፍ ነው። ያ የታተመ የሚመስል ጽሑፍ አሁን የለም፤ ብዕር ሲይዝ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ውሃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ሳያነሳ ቆየ፤ ውሃው ሲርገበገብ ሁለታችንም አየነው። ልማድ ሆኖብኝ በሆዴ መቁጠር ጀምሬ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ተውኩት።

«ዘይቱስ?» አለኝ፣ እጁን እያየ።

ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም። ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«በዚያ ጽሑፍሽ? ማን ሊቀጥረኝ?»

ቀስ ብዬ ጻፍኩ። እንደ ቄስ ተማሪ ፊደል በፊደል፣ ለአንዲት ገጽ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ስጨርስ መፈረም ያለበት እሱ ነው። ብዕሩን ሰጠሁትና ሄጄ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ሴቶች ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። «ጨረስኩ» እስኪለኝ ድረስ እነሱን እያየሁ ቆየሁ፤ ዞርም አላልኩ።