በልጆች አቤት የተቆረጠው ኩመር

ከኩመሩ ጥላ ሥር ያስነሣኝ አያ ደምለው ነው። እኔ ሀሁን ጨርሼ ቃል መግጠም ስጀምር፣ እሱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሆነ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰሊጥ በሚራገፍበት ሰሞን። ሰው ሁሉ ረስቶታል። እሱም ረስቶት ነበር። እኔ አልረሳሁም፤ ይቅር በይኝ ያለኝም የለም።

ያን ጊዜ መተማ ላይ ልጅ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ከጎንደር የሚወርደው መንገድ ጠጠር ነበር። ከመንገዱ ወዲህ፣ በእኛ ሠፈር በኩል፣ ማንም ያልተከለው፣ ማንም የእኔ ነው የማይለው አንድ ትልቅ ኩመር ቆሞ ነበር። ሱዳኖቹ አርዴብ ይሉታል። ፍሬው ቡናማ ቅርፊት አለው፤ ውስጡን ሲመጥጡት ጥርስ ያጠርሳል፣ ዓይን ያስጨፍናል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሜዳው እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ በሩቅ የሚመጣ ሰው እግር የሌለው ይመስላል። ከጥላው ሥር ስንገባ ግን ሌላ አገር የገባን ያህል ነበር። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑ ተበጣጥሶ ይወርዳል፤ ነፋስ ሲመጣ በፊታችን፣ በእጃችን፣ በቀሚሳችን ላይ ይሮጣል። እኔ ያን ብርሃን እጄ ላይ ሲሄድ እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ትምህርት ቤታችን እሱ ነበር። ከዛፉ ግንድ አጠገብ ጎማው የወለቀ የትራክተር ተሳቢ ተጥሎ ቀርቷል። ከሳንጃ የመጣችው አስተማሪያችን እትዬ ስንዱ በተሳቢው የብረት ጎን ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፤ እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንጮሃለን። ብረቱ ቀይ ዝገት ስለነበረው ፊደሎቹ የሚነድዱ ይመስሉ ነበር። በጥላው ዳር ደግሞ ሳሉጎች ይቀመጣሉ፤ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ ወርደው እዚያው ቆላ የቀሩ ሠራተኞች። ቀጣሪ እስኪመጣ ከእኛ ጋር ፊደል ይቆጥራሉ።

«እቱ፣ ያችን ፊደል ድገሚያትማ፤ ከጆሮዬ ሳትገባ አለፈች» ይላታል አንዱ እትዬ ስንዱን።

«ጆሮህን የሰሊጥ ገለባ ሞልቶት ነው!» ይለዋል ጓደኛው፤ እኛ ልጆቹ በሳቅ እንወድቃለን። እትዬ ስንዱም ትስቅና ፊደሏን አጉልታ ትጽፍለታለች።

አያ ደምለው ያን ቦታ ሲመኝ የቆየው ለሚስቱ ወንድም ነበር። የሰሊጥ መጋዘን ሊሠራ የፈለገው ይህ ሰው፣ መኪና ከመንገዱ ታጥፎ በሩ ድረስ እንዲገባለት ከኩመሩ ሜዳ የተሻለ አላገኘም። ሠፈሩ እሺ እንደማይል አያ ደምለው ያውቃል። ስለዚህ ለስብሰባው ቀኑን መረጠ።

ሰሊጥ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ አናቱ ወደ ላይ ተደርጎ ይቆማል። ሲደርቅ የፍሬው ከረጢት አፉን ይከፍታል። ያኔ በሸራ ላይ ገልብጠው ካላራገፉት ነፋስ ነክቶት መሬት ላይ ይፈስሳል። ቀን አይሰጥም። በዚያ ሰሞን ሠፈራችን ባዶ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚባል ሁሉ እርሻ ላይ ያድራል። ከስብሰባ የቀረ ደግሞ ይቀጣል። እና በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር፤ በራገፋ ሰሞን ስብሰባ ከተጠራ እያንዳንዱ ቤት አንድ ልጅ ይልካል። የቤቱ ስም ሲጠራ ልጁ ተነሥቶ አቤት ይላል፣ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሊቀመንበሮች ይህን እያወቁ ያልፉት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ነገር ይነገራል እንጂ ነገር አይወሰንም።

እናቴ የውብነሽ ሸራዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ «ሰሊጡ አፉን ከፍቷል፤ አልችልም። ሂጂና አቤት በይልኝ» አለችኝ። በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች። «የኩመሩን ነገር ካነሡ እናቴ አትስማማም በይ። እንዳታፍሪ።»

ስብሰባው እዚያው ኩመሩ ሥር ነበር። አግዳሚው ላይ አያ ደምለው፣ የሚስቱ ወንድምና ጥቂት ሽማግሌዎች፤ መሬት ላይ እኛ ልጆች። ስም ተጠራ። «የየውብነሽ ቤት!» ሲባል ተነሥቼ አቤት አልኩ። ሁላችንም በተራ በተራ አቤት አልን፤ አንዳንዶቹ አፋቸው በኩመር ተሞልቶ ስለነበር እየሳቁ። ከዚያ አያ ደምለው ተነሣ። ሜዳው ለልማት መሰጠቱን፣ ከዛፉ ሥር የማይታወቅ ሰው መሰብሰቡ ለጸጥታ እንደማይበጅ፣ ለተማሪ ከመንገዱ ማዶ ቤት እንደሚሠራ ተናገረ። «ሁሉም ቤት ተገኝቷል፤ ተስማምቷል» አለና ሊቀመጥ ሆነ።

ተነሣሁ። «እናቴ አትስማማም።»

«አንቺ እንጉዳይ የምትባዪው አይደለሽም?» አለኝ እየሳቀ። «ቅድም አቤት ብለሻል እኮ። አቤት ያለ ቤት ተስማምቷል።»

«አቤት ያልኩት ስለተጠራሁ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ ደምለው፣ ልጅ ናት» አሉት።

«ልጅ ከሆነች ለምን ላኳት? የላኳት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ እኔ አልላክኋት» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይልቅ ደስ ይበልሽ። በር ያለው፣ መስኮት ያለው ቤት ውስጥ ትማሪያለሽ።»

«ኩመር አለው?» አልኩት። የእውነቴን ነበር የጠየቅሁት። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። የሚስቱ ወንድም ዓይኑን እየጠረገ ሲስቅ አሁንም ይታየኛል።

እናቴና ጎረቤቶቿ ከእርሻ ሲመለሱ ተሳቢው ከትራክተር ጋር በሰንሰለት ታስሮ ነበር። እኔ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ትራክተሩ ጎተተው፤ እትዬ ስንዱ የጻፈቻቸው ፊደሎች ጎኑ ላይ እንዳሉ፣ በአቧራው ውስጥ እየተንሳፈፉ በመንገዱ ላይ ራቁ። እስኪጠፉ ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። እናቴ ቀበሌ ሄዳ ጮኸች። «ቤትሽ አቤት ብሏል» አሏት። ጥፋቱን በእኛ በልጆቹ ላይ አሳደሩት፤ ሠፈሩ ለብዙ ጊዜ «ልጆቹ ናቸው የሸጡት» ይል ነበር። እኛ አልሸጥነውም። ቀኑን የመረጠው ደምለው ነው።

ኩመሩን ቅርንጫፉን መልምለው፣ ከዚያ ግንዱን ጣሉት። ሠፈሩ በሙሉ የተፈጨ ቅጠል፣ ጎምዛዛ ጎምዛዛ ሸተተ። የተባለው ቤት ከመንገዱ ማዶ ተሠራ፤ በርም መስኮትም ነበረው። ግን መኸር ሲደርስ ሰሊጥ የጫነ መኪና ከትራክተር ጋር እየተጋፋ በዚያ መንገድ ይከንፋል። አንድ ቀን ከፊቴ የሚሄደውን ልጅ መኪና ለጥቂት ሳተው። እናቴ ያን ስትሰማ ደብተሬን ከእጄ ወሰደችና «ማንበብ ይቅርብሽ፤ አንቺ ትረፊልኝ» አለች። እትዬ ስንዱም ተማሪ ሲያንሳት ወደ ሳንጃ ተመለሰች። እኔ ማንበብ የጨረስኩት ወልጄ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ከእሷ ጋር አንድ ደብተር ላይ ተደፍቼ ነው።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው። ስብሰባ የሚጠራው ባጃጅ ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ልጅም አይላክም። የልጅ ልጄ በዩኒፎርሟ ስትሻገር አንድ ወጣት እጁን ዘርግቶ መኪናውን ያቆምላታል፤ ይህን ያመጣውን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው። መጋዘኑ ጣሪያው ተነቅሎ ቆሟል። የከተማው ምክር ቤት ከፊቱ የኒም ዛፍ አስተክሏል፣ በመስመር፣ በአጥር። ኒም ጥላ አለው፤ ብርሃኑ ግን እንደዚያ አይሮጥም፣ ፍሬውም አይመጠጥም። አንዳንድ ከሰዓት ከሥሩ ስቀመጥ ዓይኔን እጨፍንና ያን ሁሉ ልጅ አንድ ላይ ሲጮኽ እሰማለሁ።

አያ ደምለው አርጅቶ፣ ትምህርት ቤት ያስገነባ አባት ተብሎ በሕዝብ ፊት ጋቢ ሲያለብሱት አይቻለሁ። በዚያው ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና «አንቺ የየውብነሽ ልጅ፣ ዛሬም አኩርፈሻል?» አለኝ። «ደህና ይዋሉ» ብዬው አለፍኩ።

ባለፈው ዓመት ታሞ ተኛ። ጎረቤቱ በተራ ጠየቀው፤ እኔ አልጠየቅሁትም። ሲሞት የዕድሩ ጥሩንባ ደጄ ላይ ተነፋ። በሬን ዘግቼ ዋልኩ። በሰልስቱም አልሄድኩም።