ጎሹ የጣለው ገበሬ

ወሩ ጥቅምት ነበር። በዲዴሳ ሸለቆ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ በቆሎውም የሚደርሰው ያኔ ነው። አንድ የቆሰለ ጎሽ ከወንዙ ዳር እየወጣ ማሳ ውስጥ ያደፍጥ ጀመር። አንዲት ሴት ከወጋ በኋላ እንድንገድለው ለእኔና ለኦቦ ዲንቃ ፈቃድ ተሰጠን። እኔ ምንሽሬን፣ እሱ ጦሩን ይዘን ወጣን። ልጆች፣ ኦቦ ዲንቃ ዱካ በማንበብ አቻ የለውም፤ ግን አዳኝ ብላችሁ እንዳትይዙት። አራት በሬ፣ የበቆሎና የዳጉሳ ማሳ ያለው ገበሬ ነው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ሦስተኛችን ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ከሸለቆው በላይ ባለ ዋሻ የጥንት አጥንት የሚቆፍር ዶክተር ነበር። የጎሽና የላም ጥርስ ስለሚመሳሰል የጎሹን ራስ ቅል ለማነጻጸሪያ ፈለገው።

«ከታችኛው አፈር የማገኘው የአውሬ አጥንት ብቻ ነው» አለን እየወረድን። «የላም አጥንት ብቅ የሚለው ከላይ ነው። ከብት ርቢ እዚህ መቼ እንደደረሰ የማውቀው በዚህ ነው።»

«ታዲያ ላሟ ብቻዋን አልመጣችም» አለው ኦቦ ዲንቃ። «ተቀብሎ ያለመዳት የዚህ አገር ሰው አይደለም?»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ አለፈው።

ረፋድ ላይ ዱካውን አገኘን። የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል። እበቱ ገና ይሞቃል፤ የተረገጠው ሣር ቀና አላለም። ከፊታችን ይነፍስ የነበረው ነፋስ ድንገት ወደ ጀርባችን ዞረ። ኦቦ ዲንቃ እጁን አነሳ።

«ኢጃጂ! ቁሙ! አሽትቶናል፤ ዞሮ ሊመጣብን ነው።»

ዶክተሩ ግን ከዱካው ዳር አንድ ድንጋይ አይቶ ነበር፤ መሃሉ በመፍጨት ብዛት የጎደጎደ የጥንት ወፍጮ። እኛን ትቶ ሣሩ ውስጥ ገባና ጎንበስ አለ።

«ዶክተር፣ ተመለስ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አንድ ደቂቃ» አለኝ።

አንድ ደቂቃ! ሣሩ ተሰነጠቀና ጎሹ ወጣ። ኦቦ ዲንቃ ዘሎ ዶክተሩን በትከሻው ገፍትሮ ጣለውና እሱ በቦታው ቆመ። ጦሩ እንደ አገዳ ተሰበረ። ጎሹ ኦቦ ዲንቃን ዳሌው ላይ በቀንዱ አንስቶ ወረወረው። ተኮስኩ፤ ትከሻውን መታሁት እንጂ አልወደቀም፤ ይልቅ ወደ እኔ ዞረ። ጥይት አጎረስኩና አምስት እርምጃ ሲቀረው አንገቱ ሥር ለቀቅኩበት። ተንበርክኮ እግሬ ሥር ተደፋ።

ኦቦ ዲንቃን በቅርንጫፍ ቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ አደረስነው፤ ከዚያ ነቀምቴ። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕርፍ ጨብጦ አያውቅም። ሐኪም ቤት ደጃፍ ስንጠብቅ ዶክተሩ ድንጋዩን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀምጧል።

«በዚህ የፈጩት የዘሩትን ነው?» አልኩት።

«ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም። የዱር ሣር ፍሬም ይፈጭበታል። የከሰለ እህል እስካላገኝ አላውቅም» አለኝ። ደስ አለኝ፤ አላውቅም የሚል የተማረ ሰው አገኘሁ ብዬ።

ከወራት በኋላ ዶክተሩ እዚሁ ነቀምቴ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ያደርጋል ተባለና ሄድኩ። «የዚህ አካባቢ ጥንታዊ ሰው አውሬ ከማሳደድ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እርሻውንም ከብቱንም ሌሎች አመጡለት፤ ዛሬም ከዚያ ኑሮ ያልወጡ አሉ» ብሎ ለአደኑ ስንወጣ ያነሳውን ፎቶ አሳየ። ኦቦ ዲንቃ ጦሩን ይዞ! ሰው ሳቀ። ደሜ ፈላ፤ ተነሳሁ።

«ይህ ሰው ገበሬ ነው! አደን የወጣው ማሳውን ሊያድን ነው። ዛሬ አንተ ቆመህ የምታወራው እሱ ስለወደቀልህ ነው!»

«አባቴ፣ አይቆጡ። ምሳሌ ነው እንጂ...»

«ሐኪም ቤት ደጃፍ አላውቅም ብለኸኝ ነበር። የከሰለውን እህል ፈልገህ አጣኸው? ወይስ መፈለጉን ተውከው?»

ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈ።

በማግስቱ ለኦቦ ዲንቃ ነገርኩት። የሴት ልጁ ባል በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ እሱ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ያያል። ሳይቆጣ አዳመጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ስሜን ጠራ?»

«አልጠራም።»

አንገቱን ደፋ። ጎሹ ሲጥለው እንኳ እንዲያ ሲሆን አላየሁትም።

አሁን ወደ ሸለቆው ምራኝ ብሎ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ቤቴ የሚመጣ ተመራማሪ አይጠፋም። መጀመሪያ ደብተሩን አስከፍተዋለሁ። «ኦቦ ዲንቃ፣ ገበሬ» ብለህ ጻፍ እለዋለሁ። አንዱ ተቀይሞ ተመለሰ። ይመለስ።