ተነስታ የመጣችው

ቡሬ የምትማረው ልጄ ፎቶ ላከች። ለእኔ የላከችው ቀጥ ብላ ቆማ የተነሳችውን፣ ጥርት ያለውን ነው። ለአክስቷ ለጥሩወርቅ ግን እየሳቀች ወደ ፊት ስትሮጥ የተነሳችውን፣ ፊቷ የደበዘዘውን ላከችላት። እህቴ ስልኳን ከፍታ ስታሳየኝ ዓይኔ ከዚያኛው ላይ ቀረ፤ ቀናሁ።

ቅናቱ ዛሬ አልጀመረኝም። ልጆች ሳለን በገበያ ቀን አንድ ፎቶ አንሺ ፍኖተ ሰላም መጥቶ፣ እናታችን ሁለታችንንም በየተራ አስነሳችን። እኔ የተቀባሁት ቅቤ በጆሮዬ ሥር ሲወርድ እንኳ ሳልጠርገው ደርቄ ቆምሁ። ጥሩወርቅ "አትነቃነቂ" ብትባል አልሰማችም፤ ወደ እናታችን ሮጠች። ፎቶው ሲወጣ ጭስ መስላለች። እናቴ ግን የእኔን ከሣጥን ከትታ የእሷን ከምሰሶው ላይ ሰካችው።

"እናቴ፣ የእኔ አይሻልም? የእሷ እኮ ፊት የለውም" አልኋት።

"አንቺማ ፎቶ ተነሳሽ" አለችኝ፤ "እሷ ግን ተነስታ ወደ እኔ መጣች።"

"አትነቃነቂ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

ሣጥኑን ዘጋችው።

አሁን በተኩሱ ምክንያት የቡሬ መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል። ያን ጥርት ያለ ፎቶ ባየሁት ቁጥር እፈራለሁ፤ ለቅሶ ላይ ይዘውት የሚወጡት እንዲህ ደርቆ የተነሳውን ነውና። ትናንት ስልኩ ሲሠራልኝ ለልጄ ደወልሁ።

"ለአክስትሽ የላክሽውን ለእኔም ላኪልኝ።"

"እማ፣ እሱማ የተበላሸ ነው፤ ፊቴ እንኳ አይለይም።"

"ግድ የለም ልጄ፤ እኔም በፎቶው እንኳ ስትመጪ ልይሽ።"