ወንድሜ ያልነካው ቁልፍ

ሞጣ ዘበኛ በሆንሁበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ሲዲ ስትከት ኮምፒውተሩ ዥው አለ። ያ ድምፅ በሐሳብ ወደ ድሮው፣ ቢቸና ወደነበረው የወንድሜ የደምሰው ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ወሰደኝ። ልጅ ነበርሁ፤ ከቤታችን ትምህርት ቤት የተላከው እሱ ብቻ ነበር።

አባቴ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ የተበላሸውን ኮምፒውተር እያሳየ «ይኼ ዕቃ እስከ ማታ ካልሠራልህ፣ ነገ ሞፈር ትይዛለህ» ብሎታል። ደምሰው በደኅናው ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስ የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ባዶ ሲዲ ላይ ይቀዳል፤ «በርን ማድረግ» ይለዋል።

«አይጠጉ አባባ፤ ከተነካ ይበላሻል» ይለዋል አባቴን።

ከዚያ ትኩሱን ሲዲ ወደተበላሸው ኮምፒውተር ይከትና፣ እዚያም እንዳይበላሽ ብሎ ምንም ሳይነካ፣ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ሌላ ነገር የለም። «ሲዲው አልያዘም» ይልና ሌላ ሲዲ ያነሣል። የተጣለው ሲዲ እግሬ ሥር ተከመረ።

አባቴ ሲመሽ ተነሣ። «የምትፈራውን በሬ አትጠምደውም» አለው። ስለ እርሻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ደምሰው ሞፈር አልያዘም። መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወረደ፤ በዚያው ቀረ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት፣ እንግሊዝኛም ጥቂት የለቀምሁት ጢሜ ከወጣ በኋላ ነው። አሁን ጸሐፊዋ ስክሪን ላይ ያው የድሮው የእንግሊዝኛ መስመር ሲወጣ እየተንተባተብሁ አነበብሁት፤ «ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን» ይላል። እሷ ከጓደኛዋ እያወራች፣ ዞር ብላም ሳታይ አንዱን ቁልፍ በጣቷ ነካ አደረገችው። ኮምፒውተሩ ሥራውን ጀመረ።

የወንድሜ ሲዲዎች ደኅና ነበሩ።