ልጓም የሌላት የብረት በቅሎ

አባቴ ሰውን የሚመዝኑት ከበቅሎ አወራረዱን አይተው ነበር። በኛ አገር፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርዳል፤ አጥሩን እስኪያልፍም በእግሩ ይሄዳል። ታላቁን መንገድ ላይ ሲያገኝም ይወርዳል። ሁለቱም በበቅሎ ላይ ከሆኑ ታናሹ ቀድሞ ይወርዳል፤ ታላቁም "በእግዜር፣ በእግዜር" ይለዋል። ይህን የማያውቅ የለም። አባቴ ግን ከማወቅ አልፈው በሆዳቸው ይጽፉት ነበር። "የእገሌ ልጅ ከወንዝ ማዶ አይቶኝ እንዳላየ ሆነ" ብለው ሲቆጡ ትናንት የሆነ ይመስላል፤ ነገሩ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ የመኪና መንገድ ሲያወጣም እሳቸውን ያንገበገባቸው መኪናው አልነበረም፤ ከመኪናው ማንም አለመውረዱ ነው። አቧራው ነጭ ጋቢያቸውን ዳማ አድርጎት ሲያልፍ እናቴ፣ "ምነው አንቱ፣ ይኸም ይውረድልኝ ይላሉ?" አለቻቸው።

"ጠላትማ አይወርድም። ጠላት ከወረደልሽ ተጠራጠሪ። ያገር ልጅ ግን ይወርዳል። መሬቱን ቢወስዱብን መውረዳችንን አልወሰዱብንም።"

እኔ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ልከውብኝ ነበር። አንደኛው የአንበሳሜ ሰው ነው፤ ሁለት ሚስት የቀበረ፣ ሁለት በቅሎ ያለው፣ ጥርሱም ከሁለት እምብዛም የማይበልጥ። አባቴ ይወዱታል። "አወራረዱን ብታዪ!" ይሉኛል። "እንደ ላባ ነው የሚያርፈው!"

ሁለተኛው ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ የምወደው እሱን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከአጥር ውጭ ቆሜ፣ የየኔታን ተማሪዎች ጩኸት እየሰረቅሁ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ቀን የእናቴን ቀሚስ ላስጠቅም ሄጄ፣ በስፌት መኪናው ሣጥን ላይ የጻፈውን ጸሎት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። አልሳቀም። "ስሕተት ካለበት ንገሪኝ" አለኝ። ነበረበት፤ ነገርኩት፤ እዚያው አረመው። እንግዲህ አንዲት ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለች?

ይህ ልብስ ሰፊ ብስክሌት ነበረችው። አንድ የጣሊያን መካኒክ ሱሪውን ሲያስጥፍበት ከርሞ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ከሦስት ስብርባሪ ብስክሌቶች አንዲት ገጣጥሞ ሰጠው። ጎማ አላት፣ መሪ አላት፣ ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ አላት። ፍሬን ግን የላትም። ሰው የብረት በቅሎ ይላታል። እሱም ማቆም ሲፈልግ ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ጫማው መሬቱን እየፋቀ ነው የሚያቆማት።

የኛ አገር ደግሞ ሜዳ የለውም። ጉና ጥንት እሳት የተፋ ተራራ ነው ብለው የተማሩት ልጆቼ ይነግሩኛል፤ እኔ ገና ያኔ ከመንገዱ ጥቁር ድንጋይ ጠባይ ጠርጥሬው ነበር። ጠዋት ሙሉ ብስክሌቷን ገፍቶ የወጣውን ዳገት፣ አንድ እፍኝ ቆሎ ሳይቆረጠም ይወርደዋል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መውረድም አለበት፤ ሃይማኖት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ መንገድ የሚቆጥረው በቤተ ክርስቲያን ነበር። ወደ ሐሙሲት የሚወስደውን "አምስት ቤተ ክርስቲያን ነው" ይላል፤ ወደ አንበሳሜ የሚወስደውን "ሰባት፣ አይሞከርም"፤ በጉና ሥር ወደ ጋይንት የሚሄደውን "አንድ ብቻ፣ ገነት ነው።" ሐሙሲት ደርሶ ሲመለስ አንድ ጥንድ ጫማ ያልቃል። ለየትኛው ታቦት ከየትኛው ዛፍ ጀምሮ መፋቅ እንዳለበት በቃሉ ያውቀዋል። ለመንገድ ላይ ሽማግሌ ግን ምልክት የሚሆን ዛፍ የለውም።

የልብስ ሰፊው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ አባቴ ለእሑድ ቀጥረዋቸዋል። እናቴም በጆሮዬ፣ "እሺ ሊሉ ነው፤ አለስልሻቸዋለሁ" ብላኛለች። በዚያው ሳምንት በገበያ ቀን፣ አባቴ በበቅሎ፣ እኔና እናቴ በእግር ተከትለናቸው ዳገቱን ስንወጣ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ልብስ ሰፊው ብቅ አለ።

አባቴ አዩት። የበቅሎዋን ልጓም ያዝ አደረጉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ መንገዱ መሀል ቆመው እስኪወርድላቸው ጠበቁ።

"ልወርድ ነው ጌታዬ!" አለ ከሩቅ፣ ሁለት እግሩን ዘርግቶ መሬቱን እየፋቀ። ጠጠሩ ይበተናል።

አባቴ "በእግዜር" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

"ልወርድ ነው!" አለ አጠገባችን ሲደርስ። አንድ እጁን ለቆ፣ ግንባሩ መሪውን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። "እንደምን አደሩ ጌታዬ! አሁን... ልወር..."

ድምፁ ቁልቁለቱን እየወረደ ቀጠነ። የወረደው ድምፁ ብቻ ነው።

በቅሎዋ ብረት እጅ ነስቷት ስለማያውቅ ዘለለች። አባቴ ከነጃንጥላቸው ጭቃ ላይ አረፉ፤ እንደ ላባ አልነበረም። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ልታስቆመኝ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯን ነክሳለች፤ ለራሷ መያዣ ፈልጋ ኖሯል።

"ለጣሊያን እንኳ ከበቅሎዬ አልወረድኩም!" አሉ አባቴ ከጭቃው ሲነሱ። "በቃ! ያንበሳሜው ሰው ማክሰኞ ይምጣ።"

እኔም ሳቄን ትቼ ጭቃውን ከጋቢያቸው መጥረግ ጀመርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ነገር ከፋቹ የገበያው ሙስሊም ነጋዴ፣ የልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ ናቸው። አባቴ "ግቡ" አሉ፤ "ተቀመጡ" ግን አላሉም። እኔ ከጓዳ መጋረጃ ኋላ አንድ ዓይኔን አውጥቻለሁ።

"ልጁ በድሏል" አሉ ነጋዴው። "እግርዎ ላይ ይውደቅ ካሉ ይወድቃል።"

"መውደቅማ እኔ ወድቄለታለሁ።"

ነጋዴው አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳሉ፤ ሳል አልነበረም። "ብረቱ አይቆምም፣ ጌታው። ፍሬን የለውም።"

"ፍሬን ምንድን ነው?"

"እንደ ልጓም ያለ ነው።"

"ልጓም በሌለው በቅሎ ላይ ምን አስቀመጠው?"

ሦስቱም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

"ደግሞስ የማይቆም ነገር ምን አለ?" አሉ አባቴ። "ውሃ እንኳ ይገደባል። ሊወርድልኝ አልፈለገም፤ በቃ። ያንበሳሜው ሰው ቢሆን..."

አባቴ ድንበር ሲዳኙ መሬቱን በእግራቸው ሳይረግጡ ፈርደው አያውቁም፤ በዚህ ይኮሩ ነበር። እናቴ ይህን ታውቃለች። "አንቱ" አለች ከተቀመጠችበት፣ "ሳያዩ ፈርደው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ይዩታ!"

አባቴ ተነሡ። "አያለሁ! ራሴ እቀመጥበታለሁ። 'አቁም' ስለው ከቆመ ዋሽቶናል፤ ልጄም ለአንበሳሜ ናት።"

"ካልቆመስ?" አሉ ነጋዴው።

"ይቆማል።"

ልብስ ሰፊው ሽማግሌዎቹን ተከትሎ መጥቶ፣ ከቤታችን በላይ ካለው ወይራ ሥር ብስክሌቷን ይዞ ቆሞ ነበር። ከወይራው ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ እመሀሉ ላይ ቅዱስ ሚካኤል አለ፤ ከዚያ በታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ እንደገና ዳገት። ነገሩን ሲነግሩት ፊቱ አመድ መሰለ።

"ጌታዬ ይቅርብዎ። ብቻዬን እንኳ በጭንቅ ነው የማቆማት፤ ሁለት ከሆንን..."

"ፈራህ?"

"ለአንቱ ፈራሁ።"

"ለኔ አትፍራ። ከሚካኤል በፊት አቁመህ አውርደኝ።" ዕቃ መጫኛው ላይ እንደ በቅሎ ተፈናጠጡ፤ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፤ በእግራቸው አንድ ነገር ፈለጉ። "እርካቡ የት አለ?"

"የላትም ጌታዬ።"

"እርካብም የላትም!" አሉ ወደ ምስክሮቹ ዞረው። ከዚያ ሄዱ።

ሃያ እርምጃ ሳይርቁ "አቁም" አሉ በዳኛ ድምፅ። ልጁ ሁለት እግሩን ዘርግቶ ፋቀ። ብስክሌቷ ግን ሁለት ሰው ተጭኖባት አታውቅምና ደስ ብሏት ወረደች። "አቁም ብያለሁ!" ጋቢያቸው ከኋላቸው ተዘረጋ። ጃንጥላው ተገለበጠ። እኛ እየሮጥን ተከተልን፤ ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀረ።

የሚካኤል ጉልላት ብቅ ሲል የአባቴ ድምፅ ከዳኝነት ወጣ። አገሩ ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ የሰንበቴውን ዳቦ ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ሳይወርዱ ያላለፉት አባቴ፣ "ሚካኤል ሆይ፣ ልወርድ ነው! ልወርድ ነው፣ ሚካኤል!" እያሉ እንደ ጥይት አለፉ። ዳቦው ባፉ የቀረ አለ። አንዲት አሮጊት ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልል አሉ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት አቆማቸው። ሲመለሱ አባቴ የተሰበረ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት፣ ልጁ ብስክሌቷን እየገፋ ከኋላ ነበሩ፤ የግራ ጫማው ተረከዝ የለውም። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

"ምነው ዛሬ ሚካኤልን ሳይወርዱ አለፉት?"

አባቴ ጃንጥላቸውን ሊያጥፉ ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ሽማግሌዎቹ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ሰንበቴው ሁሉ አፋቸውን እናያለን።

"አባ፣ ብረቱ አይቆምም" አሉ።

"የማይቆም ነገር ላይ ምን አስቀመጠዎ?"

በዚህ ጊዜ ነጋዴው የእውነት ሳሉ።

ቄሱ ለሁለቱም አርባ አርባ ስግደት አዘዙ። በእሑድ ስግደት ስለሌለ ለሰኞ ጠዋት ተቀጠሩ። ነጋዴው "እንግዲህ ካልቆመ..." ብለው ሲጀምሩ አባቴ እጃቸውን አነሱ። "እውነተኛ መሆኑን አየሁ። እውነተኛ መሆንና አማች መሆን ግን ለየቅል ነው።" ማክሰኞም እየመጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት እኔና እናቴ ለጸሎት ብለን ሄድን፤ ጸሎትማ ጸልዬ ነበር። አባቴና ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ይሰግዳሉ። ሃያዎቹን እንዳለፉ አባቴ በጉልበታቸው ተንበርክከው ቀሩ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል። ልጁ ምንም አልደከመውም፤ ግን እሱም እንደተንበረከከ ቀረ።

"ምን ትጠብቃለህ? ጨርስ እንጂ!" አሉት።

"አንቱ ሳይነሡ ብነሣ ማለፍ ይሆንብኛል" አለ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። "አንድ ጊዜ ያለፍኩዎ ይበቃኛል።"

አባቴ አዩት። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረው፣ "ይህ ልጅ መውረድ ያውቃል" አሉ። "የማያውቀው ብረቱ ነው።"

እናቴ እንደገና ቆነጠጠችኝ።

ለሠርጋችን በተዋሰው በቅሎ መጣ። አባቴ ፊት ሲወርድ እርካቡ እግሩን ይዞት ሊደፋ ሲል ሚዜው ደገፈው። አባቴ ዙሪያውን ገላመጡ፤ የሚስቅ ካለ ሊያዩ። "እንደ ላባ ነው" አሉ።

ለመልሱ አባቴ ቤት ስንሄድ ብስክሌቷን ይዘን ነበር። ሰው ሁሉ ሲበላ አባቴ ወደ አማቻቸው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ በጉና ሥር የሚሄደው መንገድ" አሉት፣ "እውነት አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ያለው?"

"አዎ አባባ።"

"እሱስ ከቁልቁለቱ በላይ ነው፣ ወይስ በታች?"