መስመሩን ልልቀቅ
አባባ ኢንተርኔት ተጠቅመው ሲጨርሱ ወዲያው ይነቅሉት ነበር። «ሰው ይደውል ይሆናል፤ መስመሩን ልልቀቅ» ይሉ ነበር። አሮጌው ኢንተርኔታቸው የቤቱን ስልክ ይይዝ ስለነበር የለመዱት ነው።

በኮሮና ጊዜ የአል አይን መንገድ ሲዘጋ እኔ አቡ ዳቢ ቀረሁ። በቪዲዮ እንድንተያይ አል አይን፣ ፈላጅ ሃዛ ሰፈር ላለው ቤታቸው ፈጣን ኢንተርኔት አስገባሁላቸው። እሳቸው ግን መንቀላቸውን አልተዉም።

«አባባ፣ ይሄኛው ስልኩን አይይዝም፤ ይተዉት» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በደንብ!»

የፋሲካ ዕለት ሳይነቅሉት ዋሉ። በየቤታችን ዶሯችንን በልተን ስንጫወት፣ አባባ ካሜራው ፊት እንቅልፍ ወሰዳቸውና ማንኮራፋት ጀመሩ። እማዬ ልትቀሰቅሳቸው ስትል «ተያቸው፣ ናፍቀውኛል» አልኳት።

ዛሬ ከእማዬ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያንኮራፉ ሰማኋቸው፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።