የዋጥኩት የእማማ ታደለች ቃል

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን ጴንጤ ነኝ፣ ብቅል የነካው ነገር አልቀምስም፤ ሆዴም እንዳባው ቀረ። አንተ የምታነበው ሰው አታውቀኝምና ላንተ ልናገር።

ሆሳዕና እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ጊምቢቹ አጠገብ ካለው ከአባቴ ቤት ገባሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ተመራማሪ ወደ መንደራችን መጣችና አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ቀኑ ጭጋጋማ ነበር፤ እንሰቱም፣ መንገዱም፣ ሰዉም በጭጋጉ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። አዳራሽ ተሰብስበን የአገሯን ጉድ ነገረችን። በከተማዋ የጥቁሮች መቃብር አስፋልት ፈስሶበት የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እሷ ሽማግሌ እየጠየቀች፣ አሮጌ ካርታ እያገላበጠች፣ የሙታኑን ስም አንድ በአንድ አወጣች። እኔ ይህን ወደ ሀድይኛ ስመልስ አለቀስኩ። ከልቤ ነበር ያለቀስኩት፤ የሚገርመኝም ይኸው ነው። በሰው አገር በደል ማልቀስ እንዴት ይቀላል!

ከዚያ «በእናንተስ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ እማማ ታደለች ተነሡ። እማማ ታደለች ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እኛ ገበሬዎቹ የሸክላ ሠሪዎቹን ገንቦ እንገዛለን እንጂ አብረናቸው አንበላም፣ አንጋባም፣ በአንድ መቃብርም አንቀበርም ነበር። በሀድይኛ እንዲህ አሉ፦ «የእኛ መቃብር ያለው በዚህ አስተርጓሚ ጓሮ ውስጥ ነው። አባቱ አጥሮ እንሰት ተከለበት። ልጄ እዚያ ናት። ገብቼ አጠገቧ ልቁም፣ ሌላ አልፈልግም።»

እውነት ነው? እውነት ነው። አባቴ የመቃብሩን ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነቅሎ ደጃፋችን ላይ አንጥፏቸዋል። አውቅ ነበር። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ እንግዳዋ እኔን እኔን ታያለች። እኔም በእንግሊዝኛ «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው ይላሉ» አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። እንግሊዝኛዬን የሚያጣራ ሰው አልነበረም።

እንግዳዋ ሮጣ አቀፈቻቸው። እሳቸውም ቃላቸው የደረሰ መሰላቸው። በሳምንቱ አዲስ ገንቦ ተሸክመው ቤቴ መጡ። ድንጋዩን ላለመርገጥ ሣሩ ላይ ቆመው፣ «ቃሌን ስላደረስክልኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ አሉኝ! ገንቦውን ተቀበልኩ።

እንግዳዋ ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲያ፣ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር «እንግዳዋ ምን አለች?» ይሉኛል። «ገና ነው እማማ» እላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ገና ነው አልኩ። ባለፈው ክረምት ሞቱ፤ ከልጃቸው ርቀው ወንዝ ማዶ ተቀበሩ።

አሁን ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ እዚያው አዳራሽ ነኝ። እማማ ታደለች ይናገራሉ፣ እኔ ልተረጉም አፌን እከፍታለሁ፣ ጭጋግ ብቻ ይወጣል። ስነቃ ገንቦው ጥግ ላይ አለ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። በአባቴም አላሳብብም፤ እሱ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አጥሩን አፈረስኩ ብዬ ብጨርስልህ እንዴት ባማረ ነበር። አላፈረስኩም። ይህን ልጽፍ ወደ ቤት ስገባም ያንኑ ድንጋይ ረግጬ ነው የገባሁት።